ሩዶልፍ ዲዝል፤ ሞተሩና የዘይቱ ነገር

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር ለመታሰቢያው መጽሔት ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ ተጠየቅን። የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ በብዙ መጽሐፍ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ እኛ ስሙ በየቀኑ እየተጠራ ታሪኩ ግን ለብዙዎቻችን ያልታወቀ አንድ ሰው መረጥን። እርሱም ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው፣ ከዚያም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አዲአርቃይ የሚወርደው የጭነት መኪና የሚጓዘው ይህ ሰው በፈለሰፈው ሞተር ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር እናቶቻችን ገብሱንና ስንዴውን ተሸክመው የሚሄዱበት የናፍጣ ወፍጮም የሚዞረው በዚሁ ሞተር ነው። ናፍጣ ያለቀ ቀን ወፍጮው ይቆማል፤ እህሉም ሳይፈጭ ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ የዲዝልን ታሪክ ማወቅ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ መስማት ብቻ አይደለም። ሞተሩ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ፈልሳፊው ለምን ዓላማ እንደ ደከመ፣ ከእርሱም በኋላ ሳይፈጸም የቀረው ሥራ ምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሩዶልፍ ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ ተወለደ። ወላጆቹ ቴዎዶርና ኤሊዝ ጀርመናውያን ነበሩ። አባቱ ከአውግስቡርግ ከተማ መጥቶ በፓሪስ የቆዳ ዕቃ እየሠራ በመሸጥ ይተዳደር ነበር። ብላቴናውም አባቱ የሠራውን ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ግን ከቤታቸው አጠገብ ወዳለው የጥበባት ቤተ መዘክር እየሄደ አሮጌ መኪናዎችን ይመለከት፣ ሥዕላቸውንም በወረቀት ላይ ይነድፍ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ኩኞ የተባለው ፈረንሳዊ በ18ኛው መቶ ዓመት የሠራው በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ ሠረገላ ይታይ ነበር።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ተነሣ። ጀርመናውያን ከፓሪስ እንዲወጡ በመደረጉ የዲዝል ቤተሰብ ሱቁን ትቶ ወደ ለንደን ተሰደደ። በለንደን ኑሮ ስለ ጠበበባቸው፣ የ12 ዓመቱ ሩዶልፍ ብቻውን በመርከብና በባቡር ስምንት ቀን ያህል ተጉዞ አውግስቡርግ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ተላከ። የተቀበሉት ዘመዱ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ልጁም በዚያ ቤት የጥናትን ፍቅር አገኘ። ስደት ብዙ ልጆችን ከትምህርት ያስቀራል፤ እርሱን ግን ይበልጥ አተጋው። ገና 14 ዓመቱ ሳለ መሐንዲስ ለመሆን እንደ ቈረጠ ለወላጆቹ ጻፈላቸው። እነርሱ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ቢመኙም፣ እርሱ በውጤቱ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1875 ወደ ሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። በፈተናው ጊዜ በተስቦ ታሞ ስለ ነበር ዘግይቶ በ1880 መጀመሪያ ተፈተነ፤ ውጤቱም እጅግ ከፍተኛ ሆነ።

ከትምህርቱ ሁሉ ሁለት ነገሮች በልቡ ውስጥ ቀሩ። አንደኛው በአውግስቡርግ ትምህርት ቤት ያየው ትንሽ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ እንደ መርፌ መውጊያ ቱቦ ያለ ሆኖ፣ ዘንጉ በኃይል ወደ ውስጥ ሲገፋ በውስጡ የታመቀው አየር ይግላል፤ ከጫፉ ያለው ጭራሮም ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፖምፓው ጫፍ ሲሞቅ በእጁ ስለሚሰማው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለተኛው በሙኒክ ከመምህሩ ከካርል ሊንደ የሰማው ትምህርት ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካውን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት መኪና ከሚነደው የድንጋይ ከሰል ሙቀት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ100 እጅ 10 እጅ ያህሉን ብቻ ነበር፤ የቀረው በጭስና በእንፋሎት ይባክን ነበር። ዘጠኝ ቁና እህል ደፍቶ አንዱን ብቻ የሚያስገባ ገበሬ ቢኖር ምን እንለው ነበር? ዲዝልም ይህን ብክነት ለማስቀረት በልቡ ተሳለ።

የሞተሩ መገኘት

ዲዝል ትምህርቱን እንደ ፈጸመ ፓሪስ ሄዶ መምህሩ ሊንደ ባቋቋመው የበረዶ መሥሪያ ፋብሪካ ሥራ ያዘ። በ1883 ማርታ ፍላሸ የተባለችውን ሴት አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። ቀን በቅዝቃዜ መኪና ይሠራል፤ ማታ ደግሞ ስለ ሙቀት መኪና ያስባል። በመጀመሪያ በውኃ ፈንታ በአሞንያ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ለማውጣት ብዙ ዓመት ደከመ፤ አልሆነለትም። በኋላ ግን በልጅነቱ ያየው የአየር ማመቂያ ቱቦ ትዝ እንዲለው ያደረገ ሐሳብ አገኘ። በሲሊንደር ውስጥ አየር ብቻውን ቢታመቅና እጅግ ቢግል፣ ነዳጁም በዚያ በጋለ አየር ላይ ቢረጭ፣ ያለ እሳትና ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል ማለት ነው።

ይህንንም ሐሳብ በ1892 ለጀርመን መንግሥት አመልክቶ በ1893 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ሐሳቡን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። የአውግስቡርግ የመኪና ፋብሪካና ክሩፕ የተባለው ኩባንያ ወጪውን ለመቻል ተስማሙ። ኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሞተር በተሞከረ ጊዜ የግፊቱ ኃይል መለኪያውን አፈነዳው፤ ስብርባሪውም ዲዝልን ለጥቂት ሳተው። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ይተወው ነበር፤ እርሱ ግን ነዳጁ በታመቀው አየር መቀጣጠሉን በዓይኑ ስላየ ደስ አለው። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 የተሻሻለው ሞተር ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ኃይል ዞረ። በዚያ ቀን አብሮት ይሠራ የነበረው ሊንደር የተባለ ሠራተኛ ሞተሩ ራሱ ቀበቶውን መጎተቱን ባየ ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገር ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ እንደ ሰጠው ይነገራል።

ከዚህም በኋላ ሦስት ዓመት በጥገናና በማሻሻል አለፈ። በ1897 የሙኒክ መምህር ሞሪትዝ ሽረተር ሞተሩን በይፋ መረመሩት። ኃይሉ 20 ፈረስ ያህል ሲሆን፣ ከነዳጁ ሙቀት ውስጥ ከ100 እጅ 26 እጅ የሚሆነውን ወደ ሥራ ለወጠ። ይህም ከእንፋሎቱ መኪና ከእጥፍ በላይ ስለ ሆነ የዓለም መሐንዲሶች ሁሉ ተደነቁ።

ዲዝል ይህን ሁሉ የደከመበት ምክንያት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የእንፋሎት መኪና ትልቅና ውድ ስለ ነበር ሊገዛው የሚችል ባለጸጋ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ሸማኔው፣ አንጥረኛውና አናጢው ሥራቸውን እየለቀቁ በፋብሪካ ደጃፍ ይሰለፉ ነበር። ዲዝል ትንሹ የእጅ ሥራ ባለሙያ በገዛ ቤቱ ሊያቆመው የሚችል ሞተር እንዲኖረው ይመኝ ነበር። በ1903ም ሠራተኞች በኅብረት የሥራቸው ባለቤት ስለሚሆኑበት ሁኔታ አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ነገር ግን ገዢው ጥቂት ሆነ። ዓለም ሞተሩን ተቀበለ፤ ሐሳቡን ግን ብዙም አልሰማለትም።

የለውዝ ዘይት በፓሪስ

በ1900 በፓሪስ ከተማ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። በዚያም ኦቶ የተባለው ኩባንያ አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር አቅርቦ፣ በማዕድን ነዳጅ ፈንታ በለውዝ ዘይት አስነሣው። ሞተሩ ሳይለወጥ ደኅና አድርጎ ስለ ሠራ ነገሩን የተገነዘቡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ይህ እንዲሞከር የፈለገው የፈረንሳይ መንግሥት ነው። ሐሳቡም በአፍሪካ በያዛቸው አገሮች ለውዝ በብዛት ስለሚበቅል፣ ከአውሮፓ ነዳጅ ሳይጫን እዚያው በበቀለው ዘይት ሞተር ለማንቀሳቀስ ነበር። ያን ጊዜ አገራችን በዓድዋ ድል ነጻነቷን ካስከበረች ገና አራት ዓመቷ ነበር። እንግዲህ ሐሳቡ በቅኝ ገዢዎች ቤት ቢወለድም፣ ለነጻ ሕዝብ ይበልጥ እንደሚጠቅም ማሰብ አያስቸግርም።

ዲዝል ራሱም በኋላ ሙከራውን ደግሞ አየው። በ1911ና በ1912 ባደረጋቸው ንግግሮች የእህል ዘይት ለጊዜው ዋጋ ያለው ባይመስልም ወደ ፊት እንደ ማዕድን ነዳጅ የሚፈለግበት ዘመን ሊመጣ እንደሚችል አስረዳ። የድንጋይ ከሰልና የምድር ውስጥ ዘይት አንድ ቀን ሲያልቁ፣ ፀሐይ በእርሻ ላይ እስካበራች ድረስ ኃይል እንደማይጠፋ ያምን ነበር።

የባሕሩ ሌሊት

የዲዝል ክብር በዓለም ላይ ሲሰፋ የገዛ ቤቱ ግን እየደኸየ ሄደ። የሞተሩን መብት በየአገሩ ሸጦ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሚሊዮን ማርክ የሚቈጠር ሀብት አግኝቶ ነበር። በሙኒክም ታላቅ ቤት አሠራ። ሆኖም ከብዙ ድካም የተነሣ በ1898 ጤናው ታውኮ በሕክምና ቤት ተኛ። ገንዘቡንም በማያውቀው የመሬትና የነዳጅ ጉድጓድ ንግድ ላይ እያዋለ አጠፋው። በፈጠራ መብቱ ላይ የሚነሣው ክርክርም ዕረፍት ነሣው። መኪናን እስከ ብሎኑ ድረስ የሚያውቅ ሰው የገንዘብን ነገር ሳያውቅ ቀረ። ከሁሉም የከፋው ዕዳውን ለሚስቱና ለልጆቹ ሳይነግር ብቻውን ተሸክሞ መኖሩ ነው።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ በቤልጂክ ወደብ በአንትወርፕ ድሬስደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ራት በልቶ ጥቂት ከተጨዋወተ በኋላ፣ ነገ በጠዋት እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ። በማግሥቱ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ አልጋውም አልተነካም ነበር። ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቧ ጠርዝ አጠገብ ተገኙ። በማስታወሻ ደብተሩም ላይ በዚያ ቀን ትይዩ ትንሽ የመስቀል ምልክት ተደርጎ ነበር። ከዐሥር ቀን ያህል በኋላ የሆላንድ መርከበኞች አንድ አስከሬን በባሕር ላይ አገኙ፤ ከኪሱ ያወጧቸውን ዕቃዎች ልጁ ኦይገን የአባቱ መሆናቸውን ዐወቀ። አስከሬኑ ግን እንደ መርከበኞች ልማድ ወደ ባሕር ተመልሶ ነበርና መቃብር የለውም። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር።

ስለ አሟሟቱ ብዙ ተወራ፤ ጠላት ገደለው ያሉም ነበሩ። ወደ ጉዞው ከመነሣቱ በፊት ለሚስቱ በሰጣት ቦርሳ ውስጥ 20,000 ማርክ መገኘቱና ቤቱ በዕዳ ተይዞ መገኘቱ ግን ብዙ ጸሐፊዎችን በገዛ እጁ ሞተ ወደሚለው አሳብ መርቷቸዋል። እኛ የምንፈርድበት አይደለንም። ነገር ግን ሸክሙን ለአንድ ሰው እንኳ ቢያካፍል ኖሮ ምናልባት ያ ሌሊት ሌላ ሌሊት ይሆን ነበር ብለን እናስባለን። ሞተሩን በጭነት መኪና ላይ ተገጥሞ በሰፊው ሲሠራ ለማየትም አልታደለም፤ በሱ ሞተር የሚሄዱ የጭነት መኪናዎች የወጡት እርሱ ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1923ና በ1924 ነው።

ዘይቱ ለምን ቀረ?

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። በ1900 ሞተሩ በለውዝ ዘይት ከሠራ፣ ዛሬ ለምን ሁላችን ናፍጣ እንለምናለን? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው የምድር ውስጥ ነዳጅ ርካሽ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው የዘይቱ የራሱ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ውፍረቱ ነው።

የእህል ዘይት ከናፍጣ ዐሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። በሞተሩ ውስጥ ነዳጁ በኖዝል ቀጭን ቀዳዳ እንደ ጉም ተበትኖ መረጨት አለበት። ወፍራሙ ዘይት ግን እንደ ጉም በመበተን ፈንታ በትልልቅ ጠብታ ይገባል፤ ሳይነድ የቀረውም ጥላሸት ሆኖ በኖዝሉና በፒስቶኑ ላይ ይጋገራል። ለጥቂት ሰዓት ቢሠራም ለብዙ ወር ሲሠራ ሞተሩን ያበላሸዋል።

ዘይት የሚወፍርበት ምክንያት ከአሠራሩ ነው። የዘይት ቅንጣት በአንድ ችካል ላይ እንደ ታሰሩ ሦስት ረጃጅም ገመዶች ነው። ችካሉ ግሊሰሪን ሲሆን፣ ገመዶቹ የቅባት አሲድ ይባላሉ። እነዚህ ባለ ሦስት ጅራት ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው እየተጠላለፉ ዘይቱን ያወፍሩታል። እንግዲህ ገመዶቹን ከችካሉ ፈትቶ እያንዳንዱን በትንሽ የአልኮል ቅንጣት ላይ ማሰር ቢቻል ዘይቱ ይቀጥናል። በዚህ መንገድ የሚገኘው አዲሱ ፈሳሽ የቅባት አሲድ ኤስተር ይባላል። ሥራውም ሳሙና ከመሥራት ብዙ አይርቅም። 100 ኪሎ ዘይት ከ11 ኪሎ ያህል ሜታኖልና ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲሞቅ፣ 100 ኪሎ ያህል ኤስተርና 10 ኪሎ ያህል ግሊሰሪን ይወጣዋል። ግሊሰሪኑ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፤ ኤስተሩ ከላይ ይቀራል። ሜታኖልና ኮስቲክ ሶዳ ግን ዓይንንና ሕይወትን የሚያጠፉ ስለ ሆኑ፣ ይህ ያለ ባለሙያ በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ይህን ለሞተር ያዋለው ሻቫን የተባለ የብራስልስ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ዲዝል ከሞተ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1937 ከፓልም ዘይት የተሠራውን ኤስተር በነዳጅነት ስለ መጠቀም የፈጠራ መብት አገኘ። በ1938ም በብራስልስና በሉቨን ከተሞች መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ በዚሁ ነዳጅ ተሞከረ። ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣ፤ ሥራውም ተረሳ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሁሉ በተሰቀለ ጊዜ ግን እንደገና ተፈለገ። የዚያ ዋጋ መናር በእኛም አገር በ1974 የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለአድማ ያስነሣ እንደ ነበር ከታሪክ ትምህርታችን እናስታውሳለን። ዛሬ ይህ ነዳጅ ባዮዲዝል ተብሎ በብዙ አገር ከናፍጣ ጋር እየተቀላቀለ ይሸጣል።

የኤስተር ጠባይ

ባዮዲዝል ከናፍጣ ጋር ሲመዛዘን የሚበልጥበትም የሚያንስበትም አለ። በ40 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ የናፍጣ ውፍረት ከ2 እስከ 4 ተኩል ሲሆን፣ የባዮዲዝል ከ3 ተኩል እስከ 5 ነው፤ ያልተለወጠው ዘይት ግን ከ30 በላይ ይደርሳል። ስለዚህ የውፍረቱ ነገር በኤስተር ተፈታ ማለት ነው። በቀላሉ እሳት ስለማይይዝም በማስቀመጫ ጊዜ ከናፍጣ ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው፤ በሞተር ውስጥ ግን በታመቀ አየር ደኅና ሆኖ ይቀጣጠላል። ክብደቱ ውስጥ ከመቶ 11 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ስለ ሆነ ጥላሸቱ ያንሳል። የሚያንስበት በሙቀቱ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ሲነድ 43 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሲሰጥ፣ አንድ ኪሎ ባዮዲዝል የሚሰጠው 37 ያህል ነው። ስለዚህ ሊማሊሞን የሚወጣ መኪና በባዮዲዝል ሲሄድ ጥቂት ጨምሮ መያዝ ይኖርበታል።

ሌላው ታላቅ ነገር ብርድ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች የሌሊቱን ቅዝቃዜ ሁላችን እናውቀዋለን። በደባርቅ ጠዋት ቅቤ ድንጋይ ሆኖ ሲገኝ የኑግ ዘይት ግን እንደ ፈሰሰ መኖሩን ያላየ የለም። ይህ የሆነው የቅባት አሲዶቹ ጠባይ ስለሚለያይ ነው። ቀጥ ያሉት እንደ ተደረደረ ጭራሮ እርስ በርሳቸው ተጠግተው ቶሎ ይረጋሉ፤ የተቆለመሙት ግን ስለማይገጥሙ አይረጉም። በኤስተራቸውም ይህ ይታያል። በቅቤና በፓልም ዘይት ውስጥ የሚበዛው የፓልሚቲክ አሲድ ሜቲል ኤስተር በ30 ዲግሪ ገደማ ይረጋል፤ በኑግ የሚበዛው የሊኖሌይክ አሲድ ሜቲል ኤስተር ግን ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ እስኪደርስ አይረጋም። ስለዚህ ከፓልም ዘይት ብቻ የተሠራ ነዳጅ በደባርቅ ሌሊት በፊልትሮው ውስጥ ይረጋል፤ የኑጉ ግን እንደ ፈሰሰ ያድራል።

ይሁን እንጂ እግዚአብሔር ለአንዱ ፍጥረት ሁሉን አልሰጠም። ያ የተቆለመመው አሲድ ከብርድ ቢያመልጥም ከአየር አያመልጥም። የኑግ ዘይት ያለበት ዕቃ ሳይታጠብ ሲቆይ እንደ ሙጫ የሚጣበቀው በዚህ ምክንያት ነው። የኑግ ኤስተርም ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ እንዲሁ ይሆናል። አውሮፓውያን ለዚህ ጠባይ ባወጡት መለኪያ ከ120 የማይበልጠውን ብቻ ሲቀበሉ፣ ኑግ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል። ብርድን የሚችል አየርን አይችልም፤ አየርን የሚችል ብርድን አይችልም። የሚበጀውም ልዩ ልዩ ዘይቶችን በልክ ማደባለቅ ነው።

የእኛ ዘርና የእኛ ጥያቄ

እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጎመንዘር በደጋው ሁሉ በየጓሮው ይገኛል። ይህ ተክል የኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ፣ የሳይንስ ስሙን ያገኘው አሌክሳንደር ብራውን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1841 ስለ አገራችን ዕፀዋት በጻፈው ጽሑፍ ነው። ብራውን የተመለከታቸው ዕፀዋት ስሜንንና ትግራይን ተዘዋውሮ ይሰበስብ ከነበረው ከቪልሄልም ሺምፐር የመጡ ነበሩ። የጎመንዘር ዘይት ኤሩሲክ የሚባል አሲድ ስለሚበዛበት በብዙ አገር ለምግብ አይመረጥም፤ ለነዳጅ ግን ተፈለገ። በ2012 ኦክቶበር ወር በካናዳ አንድ አውሮፕላን ያለ ምንም የማዕድን ነዳጅ ከጎመንዘር በተገኘ ነዳጅ ብቻ በረረ። በ2018ም የአውስትራልያ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልበርን 10 እጅ የጎመንዘር ነዳጅ ቀላቅሎ ተጓዘ። ይህ ነዳጅ ኤስተር አልነበረም፤ ኤስተር በሰማይ ከፍታ ያለውን ብርድ ስለማይችል ዘይቱ በሌላ የፋብሪካ መንገድ ተለውጦ ነበር። ዘሩ ግን ከእኛው ጓሮ ዘር ነው።

መንግሥታችንም በ2007 የባዮነዳጅ ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር። ለጉሎና ለጃትሮፋ እርሻ መሬት ለብዙ ድርጅቶች ተሰጠ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ የታሰበላቸውን ፍሬ ሳያፈሩ ቀሩ። ከዚህ የምንማረው ዘር መዝራት ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ የዘይቱን ጠባይ፣ የመሬቱን ልክና የገበሬውን ጥቅም አስቀድሞ መመዘን ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ እንጀራ ማሰብ አለብን። አገራችን ናፍጣን ብቻ ሳይሆን ከምትበላው ዘይት ብዙውን ከውጭ ትገዛለች። በገበያ ላይ ዘይት ሲወደድ ወጡ ውኃ የሚሆንባት እናት ሳለች የኑጉን ዘይት በመኪና ታንክ ውስጥ እናፍስስ የሚል ሰው ቢመጣ አንስማማም። ዲዝልም የተመኘው ሞተሩ ትንሹን ሰው እንዲያግዝ እንጂ ከትንሹ ሰው ሌማት ላይ እንዲበላ አልነበረም። በእኛ አስተያየት መንገዱ ሌላ ነው። በሆቴሎች ተጠብሶበት የሚደፋ ዘይት አለ፤ ለምግብ የማይመረጥ ዘር አለ፤ እህል የማያበቅል የተጎዳ መሬት አለ። ከእነዚህ የሚገኘው ጥቂት ኤስተር መኪናውን ሁሉ ባያስኬድም፣ ናፍጣ በጠፋ ቀን አንድ የገጠር ወፍጮ እንዳይቆም ቢያደርግ ትልቅ ነገር ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፣ የሩዶልፍ ዲዝል ሕይወት ሁለት ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያው አንድ ሰው ታላቅ ሥራን ብቻውን ጀምሮ ብቻውን እንደማይፈጽመው ነው። ሞተሩን አንዱ አወጣ፤ ዘይቱን ሌላው አቀጠነ፤ በስሜን ብርድና በስሜን መሬት የሚስማማውን መርምሮ ማግኘት ግን ገና ሠራተኛ ይፈልጋል። ኬሚስትሪንና ፊዚክስን የምንማረው ለፈተና ብቻ ከሆነ ያ ሠራተኛ ከሌላ አገር ይመጣል። ሁለተኛው ደግሞ ዕውቀት ያለው ሰው ጭንቀቱን ለብቻው እንዳይሸከም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በየአቅጣጫው ስንበተን፣ ሥራችንንም ችግራችንንም ተካፍለን ለመኖር እግዚአብሔር ይርዳን።